ባለቤቱ ያልታወቀ ፎልደር

በአውቶቡስ መናኸሪያው ጓሮ፣ በጎማ ጠጋኙና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «የጠፉ ዕቃዎች ክፍል» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ቀለሙ እየተላጠ ሄዶ አሁን የሚነበበው «የጠፉ» የሚለው ብቻ ነው። አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከጠፉት አንዷ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ሠራተኛዋን ሳይቀልድባት አያልፍም። እሷ ይህን ቀልድ መስማት ከጀመረች ዘመን ተቆጥሯል። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ፣ እኔስ ባለቤት አለኝ፣ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፣ የማዝነው ለአንተ ነው ትለዋለች።

ዕቃ ተሸካሚዎቹ ወዛደሮች ስም አውጥተውላታል፤ «እትዬ የማነው» ይሏታል። ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ እንደምን ዋልክ ከማለቷ በፊት «የማን ነው?» ብላ ስለምትጠይቅ ነው። ጃንጥላ መጣ፣ የማን ነው? ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሐረብ ተጠቅልሎ መጣ፣ የማን ነው? አንድ ጊዜማ ንቡ ያልወጣለት ቀፎ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወርዶ፣ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ እሷ በመስኮቷ ብቅ ብላ የጠየቀችው ያንኑ ነበር።

ወደዚያች ክፍል የሚላኩት ብዙውን ጊዜ ከአለቃ የተጣሉ ሠራተኞች ናቸው። እሷ ግን ከቲኬት ቆራጭነት ለምና ነው የገባችው። ዕቃው የጠፋበት ሰው ዕቃውን መልሶ ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አንድ ቀን በዓይኗ አይታ፣ ያንን ማየት ሱስ ሆነባት። ባልደረቦቿ ሹመት ሲያሳድዱ እሷ ጓንትና ጃንጥላ ስትደረድር ጸጉሯ ሸበተ። አንድም ቀን አልቆጫትም።

የክፍሏ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የመደርደሪያው በር ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም፤ አለቃ ቢመጣም አብራው ትገባለች እንጂ ቁልፉን አትሰጥም። ሁለተኛው፣ የዕቃው ፎቶ ሲነሳ አንድ ጎኑ ይደበቃል። ቦርሳ ከሆነ ገበሩ፣ ጫማ ከሆነ ሶሉ አይታይም። የእኔ ነው ብሎ የመጣ ሰው ያልታየውን ጎን መናገር አለበት። በዚህች ዘዴ ስንቱ ዓይን አውጣ ላብ በላብ ሆኖ ተመልሷል።

ፎቶዎቹ የሚወጡት በመናኸሪያው ድረ ገጽ ላይ ነው። አድራሻው በእያንዳንዱ ቲኬት ጀርባ ታትሟል፤ ዕቃ የጠፋበት ተሳፋሪ ከያለበት ሆኖ በስልኩ ከፍቶ ያያል። ድረ ገጹን የሠራላቸው የእህቷ ልጅ ነው። መናኸሪያው የራሱን ሰርቨር የሚያቆምበት አቅም ስለሌለው የገባው በጋራ ቤት ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ በውስጡ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች። ልክ እንደ ተከራዮች ግቢ ነው ብሎ አስረድቷት ነበር፤ ሁሉም የየራሱ ክፍልና ቁልፍ አለው፣ በሩና ዘበኛው ግን የጋራ ነው። ካገባች ጀምሮ ተከራይ ግቢ ውስጥ ለኖረች ሴት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረም፤ ወዲያው ገባት። ልጁ በኋላ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና የይለፍ ቃሉን ለእሷ አስረክቦ ሄደ።

ዝናቡ ሊጀምር ደመና በሚያንዣብብበት ሰሞን፣ አውቶቡስ ጠራጊዋ ከአንድ የሩቅ መስመር አውቶቡስ የኋላ ወንበር ሥር ያገኘችውን ነገር ይዛ መጣች። የእግር ብረት ነበር፤ እግሩ የማይጸናለት ሰው ለመራመድ የሚያስረው ዓይነት። በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከላይ የቆዳ ማሰሪያ፣ ከታች ደግሞ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ጫማ።

«የማን ነው?» አለች እትዬ የማነው እንደ ልማዷ።

«የልጅ ነዋ» አለች ጠራጊዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ እያስቀመጠች።

 እትዬ የማነው ብረቱን ገልብጣ አየችው። በቆዳው ማሰሪያ ውስጥ፣ እግሩን የሚነካው ቦታ ላይ፣ አበባ ያለበት ጨርቅ በደቃቅ የእጅ ስፌት ተሰፍቶበታል። ቆዳው ሥጋ እንዳይልጥ አንዲት እናት አስባበታለች።  ጨርቁ እንዳይታይ አድርጋ ፎቶውን ከውጭ አነሳችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ፎቶው አልጫን አለ። ቀይ ጽሑፍ ብቅ ብሎ፣ ፋይሉን ወደ ፎልደሩ ማስገባት አልተቻለም፣ ፈቃድ የለዎትም አላት። ደገመችው፤ ያንኑ መለሰላት። በራሴ ክፍል ፈቃድ የለኝም ማለት ምን ማለት ነው ብላ ማሽኑ ላይ አፈጠጠች። የቀድሞዎቹ ፎቶዎች በቦታቸው አሉ፤ አዲስ ግን አንድም አይገባም። በማግስቱ ይሻለው ይሆናል ብላ ተወችው። ኮምፒውተር አንዳንዴ አኩርፎ አድሮ ራሱ ሲታረቅ አይታለች።

ይኼኛው ግን አልታረቀም። ለእህቷ ልጅ ደወለች፤ አክስቴ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሳምንት አየዋለሁ አላት፣ ያ ሳምንት ሌላ ሳምንት ወለደ። እስከዚያው በጽሑፍ ብቻ «አነስተኛ የእግር ብረት» ብላ አወጣችው። ጽሑፉን አይቶ የመጀመሪያው የመጣው ሰው የአልጋ እግር የጠፋበት ነበር። ከሩቅ ሠፈር ሌሎቹን ሦስት እግሮች ለማመሳከሪያ ተሸክሞ መጥቶ፣ ብረቱን ባየ ጊዜ አፍሮ እግሮቹን መልሶ ተሸክሞ ወጣ። የከተማውን ሆስፒታልም በስልክ ጠየቀች፤ እኛ የሠራነው አይደለም አሏት። አውቶቡሱ የሚያልፍባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው፤ የትኛው ቤት ውስጥ የትኛው ልጅ ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

ነገሩን የቆሰቆሰባት ባሏ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ፍሬን ሲረግጥ የኖረበት ጉልበት አልታዘዝ ብሎት በከዘራ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ከዘራውን አልጋ ሥር ጥሎት፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሬዲዮው ድረስ ግድግዳውንና የወንበሩን ጀርባ እየያዘ ሲሳብ አየችው። ከዘራውን አንስታ ስትሰጠው፣ ያቺ ብረት ባለቤት አገኘች ወይ ብሎ ጠየቃት። አላገኘችም አለችው፤ ፎቶው እንቢ ብሏል፣ የእህቴን ልጅ እየጠበቅሁ ነው።

«የኔ ጉልበት መቼም አያድግም፣ ይጠብቅ» አለ፣ ከዘራውን መሬት ላይ እየተመተመ። «ልጅ ግን ያድጋል፤ ብረቱ እዚያው መደርደሪያሽ ላይ እያለ እግሩ ይበልጠዋል።»

የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች። ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ ብላ በራሷ ተናደደች። ጃንጥላ ዓመት ቢቀመጥ ያው ጃንጥላ ነው። ይኼኛው ዕቃ ግን መደርደሪያ ላይ በዋለ ቁጥር ባለቤቱ እየራቀው ይሄዳል። ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች። ዛሬ ይህን ነገር ሳልፈታ ቤት አልገባም አለችው። ባሏ ሬዲዮውን እየከፈተ፣ እራት እንግዲህ በእኔ ነው ማለት ነው ብሎ አጉረመረመ፤ በሆዱ ግን ደስ እንዳለው ታውቋታል።

ቢሮ እንደገባች ወገቧን ታጥቃ ጀመረች። በመጀመሪያ ፎቶው ከብዶ ይሆናል ብላ አሳነሰችው፤ እንቢ። የፋይሉ ስም ይሆናል ብላ ለወጠችው፤ እንቢ። ከስልኳ ሞከረች፣ ከቲኬት ቢሮው ኮምፒውተር ሞከረች፤ እንቢ። ቦታው ሞልቶ እንደሆነ አየች፤ ግማሹም አልተያዘም። እያንዳንዱን ጥርጣሬ አንድ በአንድ አስወገደች። ችኮነቷ ከድሮም የታወቀ ነው፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ሙጭጭ ነው የምትለው።

ቀጥላ በኢንተርኔት ላይ የሌሎች ሰዎችን ምክር አነበበች። ፎልደር ሁሉ ማን እንደሚያነብበት፣ ማን እንደሚጽፍበት፣ ማን እንደሚገባበት የሚወስን የፈቃድ ቁጥር አለው። ምክር ሰጪው ሁሉ፣ ፎልደሩን ለሁሉም ሰው ክፈቱት፣ ሦስት ሰባት፣ 777፣ ብላችሁ ጻፉበት፣ ይገባላችኋል ይላል። እትዬ የማነው ይህን ስታነብ እጇ አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ። ለሁሉም ሰው መክፈት በእሷ ቤት ነውር ነው። ግን ቀኑ እየሄደ ነበር፣ የልጁም እግር እያደገ። ዓይኗን ጨፍና የፎቶዎቹን ፎልደር ሦስት ሰባት ልታደርገው ሞከረች። እሱንም እንቢ አለ፤ ቁጥሩን መቀየር አይችሉም አላት።

እንግዲያው የተቆለፈው ትልቁ በር ይሆናል ብላ አሰበች። ያ የፎቶ ፎልደር የተቀመጠው ድረ ገጹ በሙሉ በሚኖርበት ትልቁ ፎልደር ውስጥ ነው። ትልቁን ሦስት ሰባት አደረገችው። ይኼኛው ያለምንም ማጉረምረም ታዘዘላት። ደስ ብሏት ድረ ገጹን ብትከፍት ግን ነጭ ገጽና የስህተት ጽሑፍ ብቻ ነው። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓቱም፣ የጠፉ ዕቃዎቹም፣ ሁሉም ድርግም ብሏል።

ክው አለች። ከውጭ ደግሞ የመረጃ መስኮቱ ሠራተኛ፣ ተሳፋሪዎች የመነሻ ሰዓት ጠፋ እያሉ ነው ብሎ ጮኾ ነገራት። ፈጥና ቁጥሩን እንደነበረው መለሰችው፤ ባለቤቱ ይጻፍ፣ ሌላው ያንብብ ብቻ። ድረ ገጹ ነፍስ ዘራ። በኋላ ስታነብ እንደተረዳችው፣ በጋራ ቤት ውስጥ ክፍሉን ለሁሉም ወለል አድርጎ የሚከፍት ተከራይ ሌሎቹንም ለሌባ ስለሚያጋልጥ፣ የግቢው ዘበኛ ራሱ መጥቶ ይዘጋበታል። ሰርቨሩ ያደረገው ይህንኑ ነው። የራሷን ሕግ ጥሳ የራሷን ቅጣት አገኘች። እንኳን ዘጋብኝ አለች ለራሷ፣ ደንግጣም ቢሆን።

ቁጭ ብላ ላቧን ስትጠርግ፣ ከወዛደሮቹ አንዱ ገመድ የተበጠሰበት ሻንጣ በትከሻው ይዞ ገባ።

«የማን ነው?» አለችው፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ እትዬ፣ ባለቤቱን በምን አውቄ?»

ሻንጣውን ተቀብላ ምልክት ልታስርበት ጎንበስ እንዳለች ቀጥ ብላ ቀረች። ለጃንጥላው፣ ለጥርሱ፣ ለንቡ ሳይቀር የጠየቀችውን ለዚህ ፎልደር አልጠየቀችውም። ሙሉ ጠዋት ስለ በሩ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ፎቶው ክብደት ስትጨነቅ የዋለችው ፎልደሩ የእሷ ነው ብላ ስለተነሣች ነው። ማን አላት የእሷ ነው?

የእህቷ ልጅ ፋይል የሚያመላልሱበት ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ጭኖላት ነበር። ከፈተችው። በእያንዳንዱ ፎልደር ፊት ስሙ፣ መጠኑ፣ ቀኑና የፈቃዱ ቁጥር ተደርድሯል። ስክሪኗ አሮጌና ጠባብ ስለሆነ ረድፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ተቆርጦ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ ለማየት ፈልጋ አታውቅም። በመዳፊቱ ይዛ ሳበችው። አንድ ዓምድ ብቅ አለ፤ «ባለቤት» ይላል። በእያንዳንዱ ፎልደር ትይዩ የመናኸሪያው መለያ ስም አለ፤ መናኸሪያው፣ መናኸሪያው፣ መናኸሪያው። የፎቶዎቹ ፎልደር ላይ ስትደርስ ግን አይታው የማታውቀው ሌላ ስም ነው።

«ያዝኩህ» አለች።

ድረ ገጹን ወደሚያስቀምጥላቸው ድርጅት ደወለች። ሙዚቃው እስኪሰለቻት ካሰማት በኋላ አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሠራተኛ አነሳች። እትዬ የማነው እንደምን አደርሽ ማለቱንም ረስታ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ያለ ፎልደር በሰው ስም ነው፣ የማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ሠራተኛዋ በማን ስም እንደሆነ ጠይቃት የቁልፍ ሰሌዳውን ስታንኳኳ ተሰማ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ድርጅቱ ዝናብ ሳይጀምር ድረ ገጾቹን ሁሉ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ አጓጉዞ ነበር። የፎቶዎቹ ፎልደር ትልቅ ስለሆነ ለብቻው ነው የተጓዘው፤ ያጓጓዘውም የድርጅቱ የራሱ መለያ ነው፣ ስሙም እዚያው ላይ ቀረ።

«ተሸካሚው ባለቤት ሆኖ ቀረ በይኛ» አለች እትዬ የማነው።

ሠራተኛዋ ሳቀች። እኛ ቢሮ ይህን ያህል አሳጥሮ ያስረዳው የለም አለች። ሳቋን ጨርሳ ግን መጥፎውን ነገረቻት፤ የባለቤት ስም መቀየር የሚችሉት መሐንዲሶቹ ብቻ ናቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ የሚመጣው ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ። እትዬ የማነው ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ስለ ብረቱ ነገረቻት፤ ስለ ትንሿ ጫማ፣ ስለሚያድገው እግር። ስለ አበባው ጨርቅ ግን አልነገረቻትም፤ ሕግ ሕግ ነው። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው ወጣት ሠራተኛ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«ትልቁ ፎልደር በእርስዎ ስም ነው አይደል?» አለች በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንግዲያው ውስጡ ያለውን ማጥፋት ባይችሉም ስሙን መለወጥ ይችላሉ። ገለል ያድርጉትና በእሱ ስም አዲስ ይክፈቱ። እርስዎ የከፈቱት የእርስዎ ይሆናል።»

«የድሮዎቹ ፎቶዎችስ?»

«ማንበብ አልተከለከሉም። አስቀድመው ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዷቸው፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ይመልሷቸው።»

እትዬ የማነው መረቀቻት፤ ያውም ሦስት ዓይነት ምርቃት፣ ልጅቷ አሜን ማለት እስኪያቅታት ድረስ። ስልኩን እንደዘጋች ማውረድ ጀመረች። መስመሩ ቀርፋፋ ነው። የጓንቱ፣ የጃንጥላው፣ የሻንጣው፣ የመጻሕፍቱ ፎቶ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ተሳፋሪ አንድ በአንድ እያዘገመ ወረደ። እሷ ወንበሯን አስጠግታ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። ምሳ አልበላችም። ጎማ ጠጋኙ መጥቶ ምን ሆነሻል ሲላት፣ ቤት እየቀየርኩ ነው አለችው፤ ሰውዬው ዙሪያውን አይቶ ምንም የተነቃነቀ ዕቃ ሲያጣ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ወርዶ ሲያልቅ የሰው ስም ያለበትን ፎልደር «አሮጌ» ብላ ሰየመችው። እንቢ ይለኛል ብላ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ አላለም። በድሮው ስም አዲስ ፎልደር ከፈተች። ከዚያ ረድፉን ወደ ቀኝ ስባ ባለቤቱን አየች። መናኸሪያው ይላል። የፈቃዱን ቁጥር አየች፤ ባለቤቱ ይጻፍ፣ ሌላው ያንብብ ብቻ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገች።

ድረ ገጹ ላይ ለጊዜው የፎቶዎቹ ቦታ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለነበር ልቧ ተሰቅሎ ቆየ። የድሮዎቹን መመለስ እስክትጨርስ ግን አልጠበቀችም። ሕግ ከሆነ ሕግ ነው፣ ሁሉም በተራው ነው የሚስተናገደው፤ ዛሬ ግን ተራውን ለአንዱ ሰጠችው። የብረቱን ፎቶ አስቀድማ ጫነችው። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች፣ ዞረች፣ ዞረች፤ ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። ጫማዋ፣ ቀጫጭን ብረቶቹና የቆዳው ማሰሪያ ስክሪኑ ላይ ወለል ብለው ወጡ። እትዬ የማነው መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ለማንም ባትናገረውም እንባ ነበር። ሌሎቹን ፎቶዎች ጭና ስትጨርስ የመጨረሻዎቹ አውቶቡሶች እየገቡ ነበር። ቤት ስትደርስ ባሏ እራቱን አሳርሮታል፤ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ በሉት።

ስልኩ የተደወለው ከእረፍት ቀን ማግስት ነው። የሴት ድምፅ ነው፣ የሚጣደፍ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ እንደምትሠራ፣ ቲኬቱን እንዳልጣለችው፣ በየሳምንቱ በባልደረባዋ ስልክ ድረ ገጹን ስታይ እንደነበር፣ «የእግር ብረት» የሚለውን ጽሑፍ አይታ የማሽን ዕቃ መስሏት እንዳለፈችው ተናገረች። ዛሬ ግን ፎቶውን አየችው። እትዬ የማነው አፏ ላይ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ ዋጠችና፣ መጥተሽ የማይታየውን ጎን ንገሪኝ አለቻት።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ወጣት ናት፤ እጆቿ በሳሙና ተልጠዋል። ከመታቀፍ ዕድሜ ያለፈች ሴት ልጅ አዝላለች። ልጅቷን ስታወርዳት አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ መሬቱን በጠርዙ ብቻ ነካው፤ ወዲያው የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ማንም ያዢ አላላትም፤ የለመደችው ነገር ነው።

«ውስጡ ከቀሚሴ የተቀደደ ጨርቅ አለ» አለች እናትየው። «አበባ አለበት፣ ቢጫና ቀይ። በእጄ ነው የሰፋሁት።»

እትዬ የማነው ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መደርደሪያውን ከፈተች። ብረቱን ስታመጣው ልጅቷ አወቀችውና እግሯን ዘረጋችለት። እናትየዋ ተንበርክካ ልታስገባላት ሞከረች። ጣቶቹ ገቡ፤ ተረከዙ ቀረ። ማሰሪያውን አላላች፣ እንደገና ገፋች፤ ተረከዙ ያው ጫማው አፍ ላይ ቀረ። ብረቱም ከጉልበቷ በታች አጥሯል።

 እትዬ የማነው ጠብቃ፣ ነገ ይሻለዋል ብላ፣ የሌላ ሰው እጅ አይታ የተወቻቸው ሳምንታት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡባት። «ዘገየሁብሽ ልጄ» አለች።

እናትየዋ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ፊቷ ግን ያዘነ ሰው ፊት አልነበረም።

«አልዘገዩም እትዬ። ይኼ የእኛ እኮ አይደለም።»

እትዬ የማነው አልገባትም። ባለቤትነቷን አሁን አላረጋገጠችም ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብረቱን የሰጣት በሌላ ከተማ ያለ የአካል ድጋፍ ክሊኒክ ነው፤ የሚሰጠውም በውሰት ነው። ልጅ ሲያድግ አሮጌው ተመልሶ ለታናሽ እግር ይሰጣል፣ በምትኩ ከፍ ያለው ይወሰዳል። ብረት ጥቂት ስለሆነ አሮጌውን ሳይመልሱ አዲስ አይሰጥም። እሷ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ጣለችው። ጠፋብኝ ብላ እንዳትሄድ እዚያ ተራ የሚጠብቁ እናቶች አሉ፤ የእነሱን ልጅ ብረት የጣልኩት እኔ ነኝ ብላ ምን ዓይን ኖሯት ትቁም? ስለዚህ ቀረች፤ ልጇም ግድግዳ እየያዘች ቆየች።

«የእሷ ልክ እዚያ ተቀምጧል» አለች፣ የልጇን ጸጉር እየዳበሰች። «ይቺን ብቻ ነበር የምፈልገው። ነገ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ነን።»

እትዬ የማነው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደስታም ድንጋጤም አንድ ላይ ሲመጡ ሰውን ሳቅ ይቀድመዋል፣ እሷም ሳቀች፤ ልጅቷም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራት ሳቀች። ከዚያ የመረከቢያውን ደብተር ገለጠችና እስክሪብቶውን ለእናትየው አቀበለቻት። እናትየዋ ቀኑን ጻፈች፣ የዕቃውን ዓይነት ጻፈች፤ «ባለቤት» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ልበል እትዬ? እኔ ተሸካሚ ነኝ እንጂ...»

እትዬ የማነው አሰበች። በዚያች ክፍል ውስጥ ያ ቦታ ባዶ ቀርቶ አያውቅም። «ተረኛው ልጅ ብለሽ ጻፊ» አለቻት። ሴትዮዋ ጻፈች።

ልትሄድ ልጇን ልታዝል ስትል ግን ብረቱን መልሳ አየችው። የአበባው ጨርቅ አንደኛው ጫፍ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። በጣቷ ደባበሰችው። መርፌና ክር ይኖርዎታል ወይ ብላ በሐፍረት ጠየቀች። መደርደሪያው ላይ ከነማስቀመጫው የጠፋ የስፌት ዕቃ ነበር፤ እትዬ የማነው እሱን አልነካችም፣ ከራሷ ቦርሳ አወጣችላት። ሴትዮዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ በተላጡ ጣቶቿ መርፌውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ አይታው የማታውቀውን ልጅ እግር ቆዳው እንዳይልጠው ጨርቁን በደቃቁ መስፋት ጀመረች። ልጅቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ትጠብቃለች። እትዬ የማነው የጠረጴዛ መብራቷን አንስታ አቀረበችላት፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ከተቀመጠች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም።